ከግዛት ውጭ ለሚመጡ አዳኞች የሚሰጠው የአደን ታግ፦ ድርሻው ምን ያህል ቢሆን ፍትሐዊ ነው?

ጥያቄ፦ ከሚኔሶታ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

የምኖረው ሚኔሶታ ሲሆን ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ዋዮሚንግ ውስጥ ቢግሆርን የሚባለውን የዱር በግ የማደን ተስፋ ይዤ በየዓመቱ የቅድሚያ ነጥብ ስገዛ ቆይቻለሁ። ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች ትልልቅ እንስሳትን ለማደን የሚሰጠው ፈቃድ፣ አዳኞች ታግ የምንለው ማለት ነው፣ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ በዕጣ ይታደላል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ዕጣ ያልወጣለት ሰው ነጥብ ያጠራቅማል፤ ነጥቡ የበዛለት ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ይቀድማል። የዱር በግ ነጥብ የግዛቱ ነዋሪ ላልሆነ ሰው በዓመት 150 ዶላር ያስከፍላል።

እኔ ስጀምር ከዱር በግ ታጎች ከመቶ 25ቱ ለነዋሪ ላልሆኑ አዳኞች ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋዮሚንግ ሕግ አውጪዎች ባወጡት ሕግ መሠረት ግን ከ2023 ጀምሮ ድርሻችን ወደ 10 ከመቶ ወረደ፤ የሙስም፣ ግዙፉ የአጋዘን ዘመድ ማለት ነው፣ እንዲሁ ከ20 ወደ 10 ተቀነሰ። ታጉ ራሱ በየቀጠናው በጣት የሚቆጠር መሆኑን አስቡት። አንድ ቀጠና 8 ታግ ብቻ ቢኖረው በቀድሞው ስሌት ሁለቱ ለእኛ ይደርሱ ነበር፤ በአዲሱ ስሌት ግን አንድ ሙሉ ታግ እንኳ አይሞላም።

የግዛቱ ሰዎች ቅድሚያ ማግኘታቸውን አልቃወምም። የማይገባኝ ሌላ ነው። እንስሳው የሚኖርበት ተራራ የፌዴራል መሬት ነው፤ የሚኔሶታ ሰው በሚከፍለው ግብርም ይጠበቃል። ታዲያ በጋራ መሬት ላይ የሚኖር እንስሳ በምን ሥልጣን የአንድ ግዛት ብቻ ይሆናል? ለዓመታት ገንዘብ ከተቀበሉን በኋላስ ደንቡን መለወጥ ተገቢ ነው? ነጥብ መግዛቴን መቀጠል እንዳለብኝም ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ 1፦ የዋዮሚንግ ነዋሪ

ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን መሬቱንና እንስሳውን አንድ አድርገው ስላዩ ጥያቄዎ ከመነሻው ትንሽ ተዛንፏል። የዋዮሚንግ መሬት ግማሽ ያህሉ የፌዴራል መንግሥት መሆኑ እውነት ነው። በዚያ መሬት ላይ ድንኳን መትከል፣ መጓዝ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት የእርስዎም የእኔም እኩል መብት ነው፤ ማንም ነዋሪነትዎን አይጠይቅዎትም። እንስሳውን ግን ግዛቱ ለሕዝቡ በአደራ ይዞ ያስተዳድረዋል። ይህ አደራ በአሜሪካ የዱር እንስሳት አስተዳደር ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ መሠረት ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። እኔ የምኖረው ከእነዚህ እንስሳት ጋር ነው። የበረዶው ክረምት ሲበረታ አጋዘኖቹ ከተራራ ወርደው የሚያድሩት በእኛ አጥር ሥር ነው፤ በመንገድ ላይ በመኪና የምንገጫቸውም እኛው ነን። ከ2022 እስከ 2023 የነበረው ከባድ ክረምት በምዕራብ ዋዮሚንግ አጋዘንንና ሚዳቋ መሰሉን ፕሮንግሆርን ሲፈጅ ሬሳውን ያየነው፣ ከዚያም የራሳችን ታግ ሲቀነስ ዝም ብለን የተቀበልነው እኛ ነን። እኔ ራሴ ነዋሪ ሆኜ ሙስ ለማደን አሥራ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ እስካሁንም ዕጣው አልወጣልኝም። በዚህ ዓይነት ወረፋ ላይ ያለ ሰው ከአምስት ታግ አንዱ ወደ ውጭ ሲሄድ ቢከፋው ሊፈረድበት አይገባም።

ደግሞም ዋዮሚንግ የተለየ ክፋት አልሠራችም። አሪዞና፣ ኔቫዳ፣ ዩታና አይዳሆ በአብዛኛው በዚያው በ10 ከመቶ ዙሪያ ናቸው። ኒው ሜክሲኮ 84 ከመቶውን ለነዋሪዎች፣ 10 ከመቶውን እየተከፈለው አዳኞችን ከሚመራ የአደን መሪ ጋር ውል ለገቡ አዳኞች፣ 6 ከመቶውን ብቻ ያለመሪ ለሚያመለክቱ የውጭ ሰዎች ትሰጣለች። እኛ ግን እስከ ዛሬ ለውጭ አዳኞች ኤልክ ከሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዝርያ ታግ 16 ከመቶ፣ ከአጋዘንና ከፕሮንግሆርን ደግሞ 20 ከመቶ እንመድባለን።

መልስ 2፦ ሕግ ያጠናሁ

የመጀመሪያው ጥያቄዎ በፍርድ ቤት ብዙ የተመላለሰ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። የሚገርመው ነገር ደግሞ ትልቁን ክርክር ያነሱት የእርስዎው ግዛት ሰዎች መሆናቸው ነው። በ1970ዎቹ አንድ የሞንታና የአደን መሪና አራት የሚኔሶታ ነዋሪዎች ሞንታናን ከሰሱ። በ1976 የሞንታና ነዋሪ ኤልክ ለማደን የሚከፍለው 9 ዶላር ሲሆን የውጭ ሰው ግን ሌሎች እንስሳትን ጭምር የሚያካትት የ225 ዶላር ፈቃድ ለመግዛት ይገደድ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ጉዳዩን በስድስት ድምፅ ለሦስት ወስኖ ለሞንታና ፈረደ። ምክንያቱም ለስፖርት የሚደረግ አደን እንደ ሥራና እንደ ንብረት ሁሉ የአገሪቱን አንድነት የሚነካ መሠረታዊ መብት አይደለም የሚል ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1979፣ ይኸው ፍርድ ቤት ኦክላሆማን በሚመለከት በሌላ ጉዳይ ላይ «የዱር እንስሳ የግዛት ንብረት ነው» የሚለውን የ1896 ውሳኔ ሻረ። ስለዚህ ከላይ ወንድማችን አደራ ያሉትን ቃል አጥብቀው ይያዙት፤ ግዛት እንስሳውን ያስተዳድራል እንጂ ከብት እንዳለው ሰው ባለቤቱ አይደለም። ይህ የቃላት ልዩነት ብቻ አልነበረም። በ2002 በምዕራብ ግዛቶች ላይ ሥልጣን ያለው የፌዴራሉ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አሪዞና በኤልክ ኮርማና በአንዳንድ የአጋዘን ታጎች ላይ የጣለችው የ10 ከመቶ ገደብ በግዛቶች መካከል የሚደረገውን ንግድ ስለሚነካ በጥብቅ መመርመር አለበት ብሎ ነበር። ለጥቂት ጊዜ የውጭ አዳኞች የሚያሸንፉ መስሎ ታየ።

በሩን የዘጋው ኮንግረስ ነው። በ2005 በወጣ ሕግ፣ ግዛቶች በአደንና በዓሣ ማጥመድ ነዋሪና ነዋሪ ያልሆነን ለይተው ደንብ ማውጣታቸው የሕገ መንግሥቱን የንግድ አንቀጽ እንደሚጥስ ተደርጎ እንዳይተረጎም ተደነገገ። ስለሆነም ዛሬ በፍርድ ቤት በኩል የሚገኝ መፍትሔ አለ ብሎ ተስፋ የሚሰጥዎ ሰው ቢኖር አይመኑት። ክርክሩ አሁን የሕግ ሳይሆን የፖለቲካና የሚዛናዊነት ክርክር ነው፤ እርስዎ ደግሞ በዋዮሚንግ ምርጫ አይመርጡም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለነዋሪ ቅድሚያ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የውጭን አዳኝ ለአደን መሪዎች ገበያ ማድረግ ሌላ ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ በፌዴራል ሕግ ተከልሎ በተፈጥሮው እንዲቆይ በተተወ ዱር ትልቅ እንስሳ ማደን የሚፈልግ የውጭ ሰው የአደን መሪ ወይም አብሮት የሚሄድ ነዋሪ ከሌለው አይፈቀድለትም። በዚያው ዱር ብቻውን ለእግር ጉዞ ቢገባ ግን ማንም አይከለክለውም። ስለ ደኅንነት ነው የሚለውን ምክንያት እስካሁን ማመን አልቻልኩም። «መሬቱ የጋራ ነው» የሚለው ክርክርዎ ከታጉ ድርሻ ይልቅ እዚህ ላይ ቢነሳ ብዙ ክብደት ይኖረዋል።

መልስ 3፦ በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ የቆየሁ

እስካሁን ያልተነሳው ገንዘቡ ነው። በዋዮሚንግ ነዋሪ ለኤልክ ፈቃድ የሚከፍለው 57 ዶላር ሲሆን የውጭ ሰው 692 ዶላር ይከፍላል፤ የበለጠ እየተከፈለ ለብቻው ዕጣ በሚወጣበት፣ ልዩ በሚባለው ምድብ ያመለከተ እንደሆነ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ 1,950 ዶላር፤ የማመልከቻው ክፍያ ሳይቆጠር ማለት ነው። ተመራማሪው፣ ጠባቂው፣ እንስሳቱን በአውሮፕላን ሆኖ የሚቆጥረው ባለሙያ ደመወዝ የሚያገኙት በአብዛኛው ከዚህ ገንዘብ ነው። በተጨማሪም በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት በረጃጅም ጠመንጃ፣ በጥይትና በቀስት ላይ 11 ከመቶ፣ በሽጉጥ ላይ 10 ከመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ይጣላል፤ አብዛኛው ገንዘብም ለግዛቶች ሲከፋፈል ግማሹ በመሬት ስፋት፣ ግማሹ ፈቃድ በገዙ አዳኞች ቁጥር ይሰላል። የውጭው አዳኝም በዚያ ቁጥር ውስጥ አለ።

ነዋሪው ድርሻውን ማስፋት መብቱ ነው፤ ነገር ግን የራሱን ፈቃድ ዋጋ በጥቂት ዶላር ከፍ ለማድረግ ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚቃወመው ያው ነዋሪ ነው። የውጭውን ሰው ቁጥር እየቀነሱ በቀሪው ላይ ዋጋ መቆለል ለጊዜው ሒሳቡን ይሞላ ይሆናል። ውጤቱ ግን የምዕራቡ አደን የባለጸጋ ብቻ ወደመሆን መሄዱ ነው፤ ይህ ደግሞ የዱር እንስሳ የሕዝብ ሁሉ ነው ከሚለው ከራሱ ከአደራው ሐሳብ ጋር ይጋጫል። እኔን ከድርሻው መጠን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

መልስ 4፦ የዋዮሚንግ ነዋሪ (በድጋሚ)

ስለ ዋጋው የተባለውን እቀበላለሁ። ከ57 ዶላር በላይ መክፈል የሚችል ነዋሪ ብዙ አለ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ስለ ተከለለው ዱር የተነሳውን ግን ብዙ ጎረቤቶቼ እንደማይቀበሉት አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ደንቡን የምደግፍበት ጥሩ ምክንያት የለኝም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መሬቱንና እንስሳውን መደባለቄ ገብቶኛል። ሆኖም ሁለተኛው ጥያቄዬ ገና አልተመለሰም። በአሥራ ሁለት ዓመት የገዛሁት ነጥብ ዋጋው በአንድ ሕግ ሲወርድ፣ ቢያንስ ቀድሞ ወረፋ የያዘ ሰው በነበረው ድርሻ የሚስተናገድበት የመሸጋገሪያ ጊዜ ሊሰጠው አይገባም ነበርን? ነዋሪ መቅደሙ አያስቆጨኝም። የሚያስቆጨኝ የገባሁበት ወረፋ እኔ ቆሜበት እያለ ማጠሩ ነው።

መልስ 5፦ በብዙ ግዛቶች የማመለክት

በዚህ ነጥብ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግዛቱ ነጥብ ሲሸጥ ታግ እንደማይሸጥ በጽሑፍ ይናገራል፤ ስለዚህ በሕግ ዕዳ የለበትም። ነገር ግን ሰው በየዓመቱ እንዲከፍል የሚያደርገው ተስፋ ስለሆነ፣ ተስፋውን የሚቀንስ ሕግ ሲወጣ ለአምስት ወይም ለአሥር ዓመት ቀስ በቀስ እንዲወርድ ማድረግ ይቻል ነበር። ይህን ለግዛቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽንና ለሕግ አውጪዎቹ በጽሑፍ ቢያቀርቡ አይከፋም፤ የውጭ ሰው አስተያየትም ይቀበላሉ።

ወደ ተግባሩ ስመጣ፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን የበጉን ነጥብ ገንዘብ ከዘንድሮ ጀምሮ አቆማለሁ። ከድርሻው ሌላ መንጋውም ራሱ ችግር ላይ ነው፤ ቢግሆርን ከቤት በግና ፍየል በሚጋባበት የሳንባ ምች በየቦታው ያልቃል፤ መንጋው ሲመናመን ታጉም ይቀንሳል። በ150 ዶላሩ ፋንታ ለነዋሪ ላልሆነ 52 ዶላር የሆነውን የዋዮሚንግ የኤልክ ነጥብ ይያዙ፤ የኤልክ ድርሻ አልተነካም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚደርስ ቀጠናም አለው። የዱር በግ ፍላጎትዎ ካልበረደ ደግሞ ነጥብ ወደሌለባቸው ወደ አይዳሆና ኒው ሜክሲኮ ይሂዱ። እዚያ የዘንድሮው አመልካችና የሃያ ዓመቱ አመልካች እኩል ዕድል አላቸው። አይዳሆ ሙስ፣ የዱር በግ ወይም የተራራ ፍየል የሚፈልግን ሰው በዓመት አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ስለምታስገድድ ወረፋው ይሳሳል፤ ነገር ግን ለማመልከት የማይመለስ የአደን ፈቃድ መግዛት ግዴታ ነው። ኒው ሜክሲኮ የታጉን ሙሉ ዋጋ አስቀድማ ትቀበላለች፤ ዕጣው ካልወጣልዎ ከማመልከቻው ክፍያ በስተቀር ትመልሳለች።

እስካሁን ያጠራቀሙትን የበግ ነጥብ ግን ከመተውዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ለተከታታይ ዓመታት ያላመለከተ ወይም ነጥብ ያልገዛ ሰው ነጥቡ የሚሰረዝበት ደንብ ስላለ፣ የዘንድሮውን የማመልከቻ መመሪያ ያንብቡና የመጨረሻውን ቀን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉት።