በኦክቶበር መጨረሻ ጣሊያን፦ ከቡድን ጋር ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዓርብ ቀብድ ክፈይ ተብያለሁና ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

58 ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስደምር «አንድ ቀን ጣሊያንን አያለሁ» እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ጊዜውም ገንዘቡም አንድ ላይ ተገኘ። አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ለ10 ቀን የቡድን ጉዞ ተመዝግባለች፤ መነሻው ሐሙስ ኦክቶበር 22 ነው። ሮም፣ ፖምፔ፣ አሲሲ፣ ሲዬና፣ ፍሎረንስ፣ ፒሳ፣ ቬኒስ፣ ቬሮና፣ ሚላኖ። ይሄ ሁሉ በ10 ቀን! አንድ ክፍል ተካፍለን እንድናድር እሷ ቆርጣ ጨርሳለች።

ታናሽ እህቴ ደግሞ «ባንዲራ የያዘ ሰው ተከትለሽ ልትሮጪ ነው? በባቡር ብቻሽን ሂጂ» ትለኛለች። ለእሷ ቀላል ነው፤ እግሯም አንደበቷም ፈጣን ነው። የእኔ ቀኝ ጉልበት ግን ደረጃ መውረድ አይወድም (መውጣቱን ይችላል፣ ጠቡ ከመውረዱ ጋር ነው)፤ እንግሊዝኛዬም ዋጋ ጠይቆ ከመግዛት አያልፍም።

ልማድ ሆኖብኝ ፕሮግራሙን አትሜ በእርሳስ ደመርኩት። አውቶቡስ ላይ የምንቀመጠው፦ ፖምፔ ደርሶ መልስ 6 ሰዓት፣ ከሮም በአሲሲና በሲዬና አድርጎ ማደሪያችን እስኪደርስ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከማደሪያው ፍሎረንስ ደርሶ መልስ 2፣ ፒሳና አካባቢው 4፣ ወደ ቬኒስ 4፣ በቬሮና በኩል ሚላኖ 4። ድምሩ 26 ሰዓት ተኩል። «ነጻ ጊዜ» ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ሮም ላይ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፍሎረንስ ላይ ሁለት፣ ቬኒስ ላይ ሦስት ነው። 6 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ።

ቡድን ሲባል ደግሞ አንድ ትዝታ አለኝ። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የአንድ ቀን የቡድን ጉብኝት ወጥቼ፣ የሄድንለት ሙዚየም ውስጥ 35 ደቂቃ፣ ማንም ያልጠየቀው የቆዳ ዕቃ መሸጫ ውስጥ 50 ደቂቃ ቆየን። በሩ ላይ ወንበር አውጥተውልኝ የሰው ቦርሳ ስጠብቅ ዋልኩ።

ብቻዬን ብሄድ መጥፋቱ አያስፈራኝም። ጠፍቼ ብገኝ ምን ይለኛል። የምፈራው ማታ ደክሞኝ ገብቼ «ነገ የቱ ባቡር፣ የቱ ትኬት፣ በስንት ሰዓት» እያልኩ እንቅልፍ ማጣቱን ነው። ከዚያ ሥራ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ!

ሌላው ወቅቱ ነው። የኦክቶበር መጨረሻው ጉዞ ከሴፕቴምበሩ በደንብ ይረክሳል። ለምን እንደረከሰ የነገረኝ ግን የለም። እስቲ የሄዳችሁበት ንገሩኝ።


ባቡር ወዳዱ፦

እህትዎ ልክ ናቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ቬኒስ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ጣቢያዎቹ መሃል ከተማ ናቸው። ቬኒስ ከሳንታ ሉቺያ ጣቢያ በር ሲወጡ ከፊትዎ ታላቁ ቦይ ነው፤ ሌላ ምንም የለም፣ ውሃው ራሱ ነው የሚቀበልዎ። ሦስት ከተማ፣ ሁለት ባቡር፣ አለቀ። የባቡር ትኬት ቀደም ተብሎ ሲገዛ ይረክሳል። የኮሎሲየም (የሮም ጥንታዊ ስታዲየም) ትኬት ግን ከ2023 ኦክቶበር ወዲህ የሚገባው ሰው ስም ስለሚጻፍበት ፓስፖርትዎን ይዘው ይሂዱ። ዘጠኝ ከተማ በ10 ቀን ጉብኝት አይባልም፣ ዕቃ ማጓጓዝ ነው።


ጃንጥላ የረሳችው፦

እኩያ ነንና አንቺ ልበልሽ። አምና ልክ በዚያ ሰሞን ከባለቤቴ ጋር በቡድን ሄጄ ነበር። ሁለቱንም ጎን ልንገርሽ።

ሮም ላይ መንገዱ በጥቋቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትት፤ ድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ ተረከዝ ይይዛል። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። የቡድን መሪያችን 112 ደውላ፣ አምቡላንሱ ውስጥ አብራን ገብታ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ፣ ለመድን ዋስትናው የሚሆነውን ወረቀት ሳይቀር አስፈርማ መለሰችን። ሌሎቹ ከከተማው አስጎብኚ ጋር ጉብኝታቸውን ቀጠሉ። ባቡር ወዳዱ ወንድሜ፣ ያን ቀን ብቻችንን ብንሆን ኖሮ እኔ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ነበር የማለቅሰው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን። «ቬኒስ ሁለት ሌሊት» ይላል ፕሮግራሙ። ያደርነው ሜስትሬ ነው፤ ከድልድዩ ወዲህ፣ የብሱ ላይ ያለው ሰፈር። ጠዋት ገብተን ከሰዓት በኋላ 16 ሰዓት ላይ ጀልባ ወደ አውቶቡሱ መለሰን። ቬኒስን ማታ፣ ቀን ለቀን የመጣው ሰው ከሄደላት በኋላ አላየኋትም። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጆሮሽ ላይ የምታደርጊው ማዳመጫ ይሰጡሻል። አንድ ነገር ወደሽ ቆም ካልሽ የአስጎብኚዋ ድምፅ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ይቆራረጣል። ጭራሽ ሲጠፋ ሩጪ ማለት ነው። ለጉልበትሽ የማዝነው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቬኒስ ጎርፍ አትስጊ። ሰው ሁሉ በ2019 ኖቬምበር ውሃው 187 ሴንቲ ሜትር የደረሰበትን ፎቶ እያየ ይፈራል። ከ2020 ኦክቶበር ወዲህ ባሕሩ ከፍ ሲል የሚነሳ መዝጊያ አለ። በሄድንበት ቀን ሳን ማርኮ አደባባይ ደረቅ ነበር፤ መረማመጃ የሚሆኑት እንደ ረጅም ጠረጴዛ ያሉ ነገሮች ግን «ምናልባት» ተብለው ጥግ ላይ ተደራርበው ነበር። ከ2024 ወዲህ ቬኒስ አንድ ቡድን ከ25 ሰው እንዳይበልጥ፣ አስጎብኚም በድምፅ ማጉያ እንዳይናገር ከልክላለች። እኛ 38 ነበርንና ለሁለት ከፈሉን። ከጉዞው ሁሉ የተመቸኝ ያ ግማሽ ቀን ነው።


የቀድሞ ቡድን መሪ፦

11 ዓመት ቡድን መርቻለሁ፤ አሁን ስላቆምኩ በነጻነት እናገራለሁ።

እመቤቴ፣ ድምርዎ ልክ ነው። የጎደለው ግሶቹን ማንበብ ነው። ፕሮግራሙን እንደገና ያውጡትና «እንገባለን» በሚለው ላይ በአንድ ቀለም፣ «እናያለን» በሚለው ላይ በሌላ ያስምሩ። «እንገባለን» ማለት ትኬቱ ተከፍሏል ማለት ነው። «እናያለን» ማለት ከውጭ ቆመን እናወራለን ማለት ነው። «እናልፋለን» ካለ ደግሞ መስኮት በኩል ይቀመጡ።

ሐሙስ 22 ከተነሡ ፍሎረንስ የሚውሉት በአምስተኛው ቀን ነው። አምስተኛው ቀን ሰኞ ነው። ሰኞ ታላቁ የሥዕል ሙዚየም ኡፊዚም፣ የሚኬላንጄሎ የዳዊት ሐውልት የቆመበት ሙዚየም አካዴሚያም ዝግ ናቸው። ወረቀቱ ላይ «ኡፊዚን እናያለን» የሚል ካገኙ አይደነቁ፤ ግድግዳውን ማለታቸው ነው። ዳዊቱንም ሲኞሪያ አደባባይ ላይ ያሳዩዎታል፤ እሱ ግን ቅጂው ነው።

ለምን ይረክሳል ላሉት፣ ዋናው ምክንያት ብርሃኑ ነው። በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ሰዓቱ በአንድ ወደኋላ ይመለሳል፤ በእርስዎ ጉዞ ያ አራተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ 17 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ጠዋት ከሮም ተነሥታችሁ፣ አሲሲ ቆማችሁ ሲዬና ስትደርሱ መብራት በርቶ ነው የምታገኟት። ስትበራ ቆንጆ ናት፤ ግን ሊያዩ የሄዱት በቀን ከሆነ አላዩዋትም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሴፕቴምበር ይሠራል። በኦክቶበር መጨረሻ ያንኑ ወረቀት ቀን ቀይረው ይሸጡታል።

አውቶቡሱ ለምን ባልፈለጋችሁት ቦታ ይቆማል ብለው አስጎብኚውን አይቆጡት። አውሮፓ ውስጥ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት፤ ይህ በመሣሪያ ይመዘገባል። ስለዚህ ከነዱት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ዕረፍቱንም ይጨምሩ። «ፍሎረንስ አካባቢ» የሚለው ማደሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞንቴካቲኒ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሆቴሉን ስምና አድራሻ አስቀድመው ይጠይቁ። «በዚያው ደረጃ ያለ ሆቴል» ካሏችሁ አድራሻውን ራሳቸውም አያውቁትም።

ይህን ስል ቡድን ይቅርብዎ ማለቴ አይደለም። የፈሩት የማታውን ሐሳብ ከሆነ እሱን የሚያወርድልዎ ቡድን ነው። ባቡር ወዳዱ ያሉትን ሦስት ከተማ በቡድን የሚወስድ ይፈልጉ፤ አለ። ስንት አገር፣ ስንት ከተማ አይበሉ። ስንት አልጋ ብለው ይጠይቁ። ከሦስት አልጋ በላይ ከቀየሩ ሻንጣዎ ነው ጣሊያንን የጎበኘው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትንንሽ ቡድኖች ሰው ካልሞላ ይሰረዛሉ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከስድስት ቀን በላይ ለሆነ ጉዞ አዘጋጁ ሰው አልሞላልኝም ብሎ መሰረዝ የሚችለው እስከ 20 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ገንዘቡን ይመልሳል። የገዙበት አገር ሕጉ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ውሉ ላይ ያለውን ቀን ይዩ። ጣሊያን የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ደግሞ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይጠየቃል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው። የ20ውን ቀን ጠብቄ ልጀምር ካሉ አይደርሱም፤ ስለዚህ ቪዛውን ቀድመው ያስገቡ፣ ግን ቡድኑ መሄዱ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ የማይመለስ ትኬት አይግዙ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድንም ይጠየቃሉ። በቡድን ሄድኩ ብሎ ቪዛ በቡድን አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚታየው።


ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ለጉዞ አዘጋጆቹ ደወልኩላቸው።

«ኡፊዚ እንገባለን ወይ?» አልኩት።
«ፕሮግራሙ ላይ እንደተጻፈው ነው፣ ወይዘሮ።»
«የተጻፈው እናያለን ነው።»
«አዎ፣ እናያለን።»
«ሰኞ ነው እኮ፤ ዝግ ነው።»
ትንሽ ዝም አለና «ከውጭም በጣም ያምራል» አለኝ። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ሥራው ነው። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ።

እናያለን፣ እንገባለን እያልኩ ሳሰምር ዘጠኙ ከተማ ውስጥ የምንገባበት አራት ቦታ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ ሌላ ቦታ ጠየቅኩ። 8 ቀን፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 6 መነሻ። ሮም ሦስት ሌሊት፣ ፍሎረንስ ሁለት፣ ቬኒስ ሁለት። ሦስት አልጋ! የቬኒሱ ማደሪያ ካናሬጆ ነው፤ ካርታ ላይ ፈልጌ አየሁት፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ደሴቷ ላይ ነው። ፍሎረንስ ቅዳሜ ነው የምንውለው፣ ኡፊዚም «እንገባለን» ተብሎ ተጽፏል። ከከተማ ከተማ በባቡር ነው። ከ16 ሰው አይበልጥም። ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ብቻዬን ስለማድር የነጠላ ክፍል ጭማሪም አለው።

እዚህ ላይ ሠላሳ ዓመቴ ጠቀመኝ። ዋጋውን በቀን ማካፈሌን ትቼ፣ ከአውቶቡስና ከባቡር ወጥቼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በእግሬ በምቆምበት ሰዓት አካፈልኩት። ርካሹ ውድ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም።

ቀብዱን ለሁለተኛው ከፈልኩ። ቡድኑ የሚሄደው 10 ሰው ሲሞላ ነው፣ እኔ ስምንተኛ ነኝ። የስረዛውን ቀን አንብቤ ፊርማዬ አጠገብ በእርሳስ ጻፍኩት። የቪዛ ወረቀቴንም መሰብሰብ ጀምሬያለሁ።

ጓደኛዬ አኩርፋለች። «ሚላኖን ሳታዪ ጣሊያንን አየሁ ልትዪ ነው?» አለችኝ። እህቴም አልተደሰተችም፤ ለእሷ ቡድን ቡድን ነው። ሁለቱም ስለተቀየሙ መሃል ላይ ነኝ ማለት ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ስለ ጥርብ ድንጋዩ። አዲስ ጥሩ ጫማ ልግዛ ወይስ የለመድኩትን አሮጌውን ልውሰድ?


ጃንጥላ የረሳችው፦

ሶሉ ካልተላጠ አሮጌውን። ከተላጠ አዲስ ግዢና ዛሬውኑ ቤት ውስጥ መልበስ ጀምሪ። ጃንጥላም እንዳትረሺ።