ሊቲየም ባትሪ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈራል?

የጠባሴው
ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን ጠባሴ ፀጉር ቤት አለችኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኛው ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ቁጭ ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ አልስቅም። ሲመረኝ ያገለገለ ባለ 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ከ1000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኮረንቲ ከሚቀይረው) ጋር ገዛሁ። ቻርጅ የማደርገው በድሮው የመኪና ባትሪ ቻርጀር ነው። እናቴ ግን ስልክ ሲቃጠል የሚያሳይ ቪዲዮ አይታ «ይሄን ነገር ካላወጣህ ደጅህን አልረግጥም» ብላለች። እውነት ይፈነዳል ወይስ ወሬ ነው?

ሽቦ አደር
እናትህ ግማሹን ልክ ናቸው። ሊቲየም ሁሉ አንድ አይደለም። ስልክ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኮባልት ያለበት ነው፤ ከልክ በላይ ሲግል ከራሱ ኦክስጅን እየለቀቀ እሳቱን ይመግባል። ለሶላር በብዛት የሚሸጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፣ እሱ ሙቀት ይችላል። ጀርባው ላይ 12.8 ቮልት የሚል ካለ ይሄኛው ነው፣ 11.1 ወይም 14.8 ካለ ያኛው።

ግን እኔን ከሴሉ (ባትሪው ውስጥ ኃይል ከሚይዘው ክፍል) ይልቅ ሽቦው ነው የሚያስፈራኝ። 1000 ዋት በ12 ቮልት ማለት ወደ 80 አምፔር ነው እኮ! ይሄን በቀጭን ገመድ ካስኬድከው ወይም ብሎኑ ከላላ መጀመሪያ የሚቀልጠው ፕላስቲኩ ነው፣ ከዚያ መጋረጃው፣ ከዚያ አንተ። ፊውዝ አለህ? ባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ መሆን አለበት፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ገመዱን አያድንልህም። የመኪና ቻርጀሩንም ተወው። አንዳንዱ የደከመ ባትሪ ላነቃቃ ብሎ ከ15 ቮልት በላይ ይለቃል። ለአሲድ ባትሪ መድኃኒት ነው፣ ለሊቲየም መርዝ። ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰርኪት) ይቆርጠዋል የሚል አይጠፋም። ያገለገለ ባትሪ ላይ ያለውን ቢኤምኤስ ማን ፈትሾት?

የደብረ ሲና ልጅ
እኔ ባሕር ዳር ጣና ላይ ጀልባ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ቤት ቢቃጠል በር ከፍተህ ትወጣለህ፣ ሐይቅ መሃል የት ትሄዳለህ? ሊቲየም ሲራብ የሚጎትተው ኃይል ብዙ ስለሆነ በቀጥታ ከሞተሩ ዲናሞ ጋር ካገናኙት ዲናሞውን ራሱ ያቃጥለዋል። መሃል ላይ ኃይሉን የሚመጥን ቻርጀር ይገባል። እርጥበቱ ደግሞ የገመድ ጫፍ ይበላል፣ የተበላ ጫፍ ይግላል፣ ሽቦ አደር ያለው ነገር እዚህም ያው ነው።

አንድ ነገር ላክልልህ። የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ይገድላል እንጂ ሴሉን አያቀዘቅዝም፣ ጠፋ ስትል ተመልሶ ይነሳል። የሚያቀዘቅዘው ብዙ ውኃ ነው። ግን ያ የእሳት አደጋ ሰዎች ሥራ ነው፣ ያውም ከኮረንቲ ከተነቀለ በኋላ። ባትሪው ነጭ ጭስ ሲተፋ ካየህ እንፋሎት አይምሰልህ፣ መርዝም ነው፣ ይቀጣጠላልም። ሰው አስወጥተህ ውጣ። ለዚህ ነው ጀልባ ላይ መኝታ ስርም መውጫ በር ላይም የማናስቀምጠው።

ቆላው ከሸዋ ሮቢት
ኧረ ሰውዬውን አታስፈራሩት! የአሲዱስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ይለቅ የለም እንዴ? ስንት ዓመት አብረነው ተኛን። እኛ ጋ የሚጎዳው ሙቀቱ ነው፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል፣ ከዚያ ቶሎ ሞተ ይላሉ። እናንተ ደጋዎች ግን ሌላ ጣጣ አላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ ውጪ ያደረ ባትሪ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ከወረደ ቻርጅ አይደረግም። መጠቀም ትችላለህ፣ መሙላት ግን የለም። ሊቲየሙ ሴሉ ውስጥ እንደ ብረት ይጋገራል፣ ዛሬ ምንም አይልህም፣ ከርሞ ውስጥ ለውስጥ ይነካካና ሾርት ያደርጋል። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ባትሪው ራሱ እስኪሞቅ ጠብቅ።

የጠባሴው
አሁን ከፍቼ አየሁት። 12.8 ይላል፣ እሰይ። ፊውዝ የሚባል ነገር ግን የለም፣ ገመዱም የቤት መብራት ገመድ ነው። ነቅዬዋለሁ። ነገ ወፍራም ገመድና ፊውዝ እገዛለሁ፣ ቻርጀሩን ደግሞ ለጎረቤቴ መኪና።

ሽቦ አደር
ጎበዝ። ግን የት ነው ያስቀመጥከው? እሱን አልነገርከንም።

የጠባሴው
አልጋዬ ስር ነበር። ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።