የመርጫ ክፍል ዕቅድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊዋ
ረቂቁ ይኸው። ጉባኤ ላይ ከምንነታረክ እዚሁ በጽሑፍ እንጨርሰው።
1. የጊታር ሠሪዎች ማኅበራችን የጋራ የቀለም መርጫ ክፍል ይሥራ።
2. የወጪው ግማሽ ከካዝና ይውጣ። ሌላው ግማሽ አብረን ሠርተን ከምንሸጣቸው ኤሌክትሪክ ጊታሮች ይምጣ።
3. ጊታሮቹ የአልደር እንጨት አካል፣ በብሎን የሚታሰር የሜፕል እንጨት አንገትና 648 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት ይኑራቸው። የክር መወጠሪያ ቁልፎቹ ባሉበት የጊታሩ ራስ ላይ የማኅበሩ ዓርማ ይግባ።
ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። አሁንም ጓዳ ውስጥ ኒትሮ፣ ማለትም በቲነር የሚቀጥነውን የጊታር ቀለም፣ የሚረጭ አለ። የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ሄዶ ውኃ ማሞቂያው ሥር ይጠራቀማል። ተራ ቬንትሌተር መክፈትም መፍትሔ አይደለም። የሞተሩ ብልጭታ ብቻውን እሳት ይጭራል።

ቀለም ቀቢው
እስማማለሁ። ዘግይቷል እንጂ።

አንገት ሠሪው
1 እና 2 ይለፉ። 3 ላይ ዓርማ የሚለው ይውጣ። የጊታሩ ራስ የአንገቱ ክፍል ነው። አንገቱን የምሠራው እኔ ነኝ። እዚያ የሚገባው የሠሪው ምልክት ነው።

ገንዘብ ያዡ
የሚሸጠው ማኅበሩ ነው፤ እንጨቱ የሚገዛው ከማኅበሩ ካዝና ነው። ታዲያ ለምን ያንተ ምልክት?

አንገት ሠሪው
ምክንያቱም ገዢው መጀመሪያ የሚይዘው አንገቱን ነው። አንገቱ ላይ የሚተከሉትን የ22ቱን የብረት ዘንጎች፣ የፍሬቶቹን፣ ጫፍ አንድ በአንድ በሞረድ አለዝቤ፣ እጅ ሲንሸራተት ምንም እንዳይቧጥጥ የማደርገው እኔ ነኝ። ካዝናው ሞረድ አይዝም።

ጠምጣሚዋ
እንግዲያው እኔም ልናገር። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ አንዱ 8,000 ዙር ገደማ ይጠመጠማል። 42 ቁጥር ሽቦ ነው፤ ፀጉር ያክላል፣ ትንሽ ከጠበቀ ይበጠሳል። ድምፁ ከዚያ ነው የሚወጣው። ስሜን የት ልጻፍ?

አዲሱ አባል
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ኒትሮ እንዲህ አደገኛ ከሆነ ለምን ባለማጠንከሪያውን ፖሊዩሬቴን አንረጭም? ቶሎ ይጠነክራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቀለም ቀቢው
ቶሎ መጠንከሩ እውነት ነው። ግን ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት አለ። ሳንባን ያስቆጣል። አንዴ ሰውነትህ ከተቆጣ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃሃል፤ አስም ይዞህ ይቀራል። የካርቦን ማስክህን አትመነው፤ ማጣሪያው ሲያልቅ ሽታው አያስጠነቅቅህም። ከሌላ ቦታ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል ያስፈልጋል። ይሄን ማን ቤቱ ውስጥ ይተክላል? ክፍሉ የሚያስፈልገን ለዚህ ጭምር ነው። ስለዚህ ወደ ክፍሉ እንመለስ።

ነባሩ አባል
ዓርማው ከኋላ ይሁን። ነገሩ ያልቃል።

አንገት ሠሪው
ጋሼ፣ ከኋላም ቢሆን ራሱ ያው ራስ ነው።

ነባሩ አባል
ከጊታሩ ራስ ጀርባ አላልኩም። አንገቱን ከአካሉ ጋር የሚያስሩት አራቱ ብሎኖች ያሉበት የብረት ሰሌዳ ላይ ነው ያልኩት። የጊታር አምራቹ ፌንደር ተከታታይ ቁጥሩን ለዓመታት እዚያ ነበር የሚመታው። ወደ ጊታሩ ራስ ያዞረው በ1976 ነው። ብረት ላይ የተመታ ዓርማ አይላጥም። ስቲከር ግን ኒትሮ ሲነካው ይሸበሸባል፤ የመጀመሪያዎቹ ንብርብሮች እንደ ጤዛ ሳስተው ካልተረጩ።

ጸሐፊዋ
ጥሩ ሐሳብ ነው። ልመዝግበው?

ቀለም ቀቢው
መዝግቢው። ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ራሱ ላይ የአንገት ሠሪው ምልክት ብቻ ከቀረ እኔ የለሁበትም። ያለፈውን ጊታር ማን ረሳ? ምልክቱ ፊት ለፊት ነበር። ቀለሙ ሲላጥ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

አንገት ሠሪው
የላጠው ማን ሆነና?

ቀለም ቀቢው
አንገቱ። ኪሱን፣ አንገቱ የሚገባበትን የአካሉን ጎድጓዳ፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ ነው የረጨሁት። ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። የመጣው አንገት አልገባም አለ። በጎማ መዶሻ መታችሁ አስገባችሁት። ሲወጣ የኪሱን ጠርዝ ቀለም ይዞ ወጣ። ጥፍር የምታህል ቅርፊት ነበረች፤ ከሥሯ ነጩ ፕራይመር ይታይ ነበር። ከዚያች ጫፍ ተነሥቶ ስንጥቁ እስከ አካሉ ቀንድ ሄደ።

አንገት ሠሪው
ቀለሙ ስላልደረቀ ነው! ኒትሮ በእጅ ሲነካ የደረቀ ይመስላል። ውስጡ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። አፍንጫህን አስጠግተህ ቲነር ከሸተተህ አልደረቀም። ያ ጊታር ደግሞ ከሩቅ ይሸት ነበር። ገዢ ቀጥሮናል ተብሎ ነው ተጣድፎ የተገጠመው።

ገንዘብ ያዡ
ገዢውን የቀጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ኮሚቴው ነው። ይሄንን ነገር በየስብሰባው እየጎተታችሁ አታምጡት።

አንገት ሠሪው
በቃ። አንገቱን ሌላ ሰው ይሥራው።

ጸሐፊዋ
እሺ፣ ሌላ ማን አለ? የፍሬት ቦይ የሚቆርጥ፣ አንገቱ እንዳይጎብጥ የሚይዘውን ብረት፣ ትረስ ሮዱን፣ የሚቀብር?

ጸሐፊዋ
ማንም የለም?

አዲሱ አባል
ልሞክር እችላለሁ። ቦዮቹን በሜትር ለክቼ ነው የምቆርጠው?

ነባሩ አባል
ልጄ፣ በሜትር አይሆንም። ርዝመቱን ለ17.817 ታካፍላለህ። በ648 የመጀመሪያው ፍሬት ከጊታሩ ራስ ሥር ካለው የክር ማረፊያ 36.37 ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃል። ከዚያ የቀረውን ርዝመት እንደገና ታካፍላለህ፤ እንዲህ እያልክ ትወርዳለህ። 12ኛው በትክክል 324 ላይ ካልዋለ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል። እያንዳንዱን ከማረፊያው ጀምረህ ለካ። ከአንዱ ፍሬት ወደ ቀጣዩ እየለካህ ከሄድክ ጥቃቅኑ ስሕተት ይደራረባል። የተሳሳተ ቦይ ደግሞ ክር በማጥበቅ አይስተካከልም። ለዚህ ነው ቅርጽ ማውጫ ይቆረጥ ስንል የከረምነው።

ጠምጣሚዋ
ቅርጽ ማውጫውን እቆርጣለሁ ብሎ ኮምፔንሳቶ የወሰደው ሰውዬስ? የውኃ ሽታ ሆነ።

ገንዘብ ያዡ
ደውዬለታለሁ፤ አያነሳም። እንጨቱ የማኅበሩ ነው።

ቀለም ቀቢው
ዝግጁ አንገት እንግዛና እንገጥም። ስንት ጊዜ እንጠብቃለን?

ጠምጣሚዋ
የተገዛ አንገት ላይ ዓርማችን አይወጣም። ከዚያ ይልቅ ጊታሩ ይቅር።

አንገት ሠሪው
አንቺ ልክ ነሽ። በተገዛ አንገት ስማችንን አናበላሽ። ትናንት የተናገርኩት በንዴት ነበር። አንገቱን እሠራለሁ። ግን ኪሱም፣ ኪሱ ውስጥ የሚገባው የአንገቱ ተረከዝም ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ይውጡ። ኪሱ 16 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። እኔም ቀለም ቀቢውም በዚያው እንለካ። ያን ጊዜ ማንም መዶሻ አያነሳም።

ቀለም ቀቢው
እንዲህ ከሆነ እኔም አለሁ። የቀለሙ ውፍረትም ይታሰብ። ኪሱ ውስጥ እንዳይገባ እሸፍናለሁ። ጠርዙን ግን ከመግጠማችን በፊት በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለዘብ እናድርገው። ስለታም ጠርዝ ላይ ቀለም አይዝም።

ነባሩ አባል
ተባረኩ። ይሄን ባለፈው ብትነጋገሩት ኖሮ!

ገንዘብ ያዡ
አሁን የእኔን ስሙ። የመርጫ ክፍሉ ብልጭታ የማያወጣ ሞተር፣ ማጣሪያና ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ይፈልጋል። የቤቱ ባለቤትም መፍቀድ አለበት። ካዝናው ግማሹን እንኳ አይችልም። የቅርጽ ማውጫውንና የፍሬት መሣሪያውን ግን አሁኑኑ ይችላል። ጉባኤው እምቢ የማይለውን እናቅርብ።

ጠምጣሚዋ
መጠምጠሚያ ማሽንም ይጨመር። ዙር የሚቆጥረው። የኔ ቆጣሪ ተበላሽቷል።

አዲሱ አባል
628 የክር ርዝመት ለሚፈልግ ሰውስ? ሌስ ፖል የሚባለውን የጊብሰን ጊታር የሚመስል መሥራት እፈልጋለሁ።

አንገት ሠሪው
ሁለት ዓይነት ይቆረጥ። እሱ ምንም አይደል።

ጸሐፊዋ
የተሻሻለው ረቂቅ፦
1. ማኅበሩ በሁለት የክር ርዝመት፣ በ648 እና በ628፣ የአካል፣ የአንገትና የፍሬት ቦይ ቅርጽ ማውጫ ያዘጋጅ። አባላት እየፈረሙ ይዋሱት።
2. የጋራ የፍሬት መሣሪያና ዙር ቆጣሪ ያለው የፒክአፕ መጠምጠሚያ ይገዛ።
3. የመርጫ ክፍል ጉዳይ ይጠና።
4. የሚሸጡት ጊታሮች ለጊዜው ይቆዩ። የዓርማው ነገር ያን ጊዜ ይወሰን።
ረቡዕ ማታ እዘጋዋለሁ።

ቀለም ቀቢው
ውይይቱን የከፈትነው ለመርጫ ክፍሉ ነው። አሁን ሦስተኛ ተራ ላይ «ይጠና» ሆኖ ቀረ። ጓዳ ውስጥ የሚረጨው ሰው እስኪጠና ድረስ ምን ይሁን? «ይጠና» ወጥቶ «ይሠራ» ይግባ።

ገንዘብ ያዡ
በምን ገንዘብ? ጊታሮቹን አስቀራችኋቸው።

ቀለም ቀቢው
ያስቀረኋቸው እኔ አይደለሁም።

ጸሐፊዋ
ቢያንስ አንድ መስመር ልጨምር፦ ክፍሉ እስኪሠራ ድረስ ማንም ቤት ውስጥ ኒትሮ አይርጭ። የሚቃወም አለ?

አንገት ሠሪው
በረንዳ ቤት ውስጥ ነው የሚባለው?