ሐዋሳ ያላችሁ፣ የስልኬ ቀፎ ተከፈተብኝ በምን ላጣብቀው

ዓሳ ጠባሿ፦
ሰላም ናችሁ፣ ሐዋሳ ያላችሁ ልጆች ቶሎ መልሱልኝ በፈጣሪ። የስልኬ ቀፎ በአንድ በኩል ተላቆ ብድግ ብሏል ጥፍር ያስገባል፣ ስልኩ ግን ይሰራል ምንም አልሆነም፣ አሁን በላስቲክ አስሬው ነው የምጽፈው። ፒያሳ አንድ ሱቅ ደውዬ ቀፎ ስንት ነው ስለው የነገረኝ ዋጋ አዲስ ስልክ ይገዛል እኮ! ለአንድ ፕላስቲክ! አሞራ ገደል ዓሳ የሚያወጡልኝ ልጆች ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ይደውላሉ፣ ሂሳብም የምንተሳሰበው በቴሌብር ነው፣ ስለዚህ ስልክ አስቀምጬ መዋል አልችልም። በምን ሙጫ ይያዛል? ወይ ቀፎ በርካሽ የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ

የአቶቴው፦
ሱፐር ግሉ እህቴ። ጫፍ ጫፉን ጠብ ጠብ አርጊና ከባድ ነገር ጭነሽበት ይደር። የኔም እንደዛ ሆኖ አጣብቄው ይኸው አመት ሊሞላው ነው

መምህር ጡረታ፦
ልጄ ባለሱቁ አላታለለሽም፣ ያላግባባችሁ ቃሉ ነው። ቀፎ የንብ ቤት ነው፣ ወደ ስልክ ሲመጣ ግን ጠቅላላ ዕቃውን ቀፎ አሉት፣ ዜና ላይም የሞባይል ቀፎ ሲሉ ሙሉ ስልኩን ነው። አንቺ የፈለግሽው የጀርባ ክዳን ነው። ድሮ እኮ ለየዕቃው ልባስ ለየብቻው ስም ነበረው፣ የሰይፍ ከሆነ ሰገባ ወይም አፎት፣ የዳዊት ከሆነ ማኅደር፣ ቆዳ ሆኖ ማንገቻ አለው ቄሱ ትከሻቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ማኅደር ከግዕዙ ኀደረ የመጣ ነው፣ ማደሪያ ማለት ነው፣ ዛሬ ቢሮ ስትሄጂ ማህደርሽ ይምጣ የሚሉሽ ወረቀትሽ ያደረበትን ነው፣ ኮምፒውተሩ እንኳ ማህደረ ትውስታ አለው። ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚወድቀው ቀልሃ ነው። አንቺ በቢላ የምትፍቂው የዓሳ ቅርፊት ነው፣ እንቁላልም ዛፍም ቅርፊት አላቸው። ደብተር ደግሞ ይለበዳል፣ መስከረም በመጣ ቁጥር ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ በካኪ ወረቀት ስለብድ ነው የኖርኩት። አሁን ሁሉም ካቨር ሆነ፣ የሶፋ ልብስ የምንለው እንኳን የሶፋ ካቨር ተባለ፣ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው

ሱሙዳ፦
ቀፎው ካበጠ ማር ሞልቷል ማለት ነው ሃሃሃ ማታ ጭስ ይዘሽ ቁረጪው

ኮባ፦
ጋሼ በጣም ደስ ይላል ይቀጥሉበት፣ እኛ ጋ ቆጮውም ቅቤውም የሚጠቀለለው በእንሰት ቅጠል ነው፣ ዳቦም በኮባ ሲጋገር ሽታው ሌላ ነው፣ እሱንም ከነሰገባ ጋር ይቁጠሩልን

ጠጋኝ፦
እባካችሁ ሱፐር ግሉ እንዳታስነኪው!! መናኸሪያ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ፣ ይሄን በየሳምንቱ ነው የማየው። ክዳን ዝም ብሎ ብድግ አይልም፣ ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ፣ እሱም ብዙ ጊዜ ያበጠ ባትሪ ነው። ላስቲኩን ፍቺና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝተሽ አንዱን ጥግ በጣትሽ ነካ አርጊው፣ ወዲያ ወዲህ ከተወዛወዘ ባትሪው ሳይሆን አይቀርም። ቻርጅ ላይ ይግላል? ባትሪው ተቀይሮ ያውቃል? እነዚህን ሳትነግሪን ነው ሙጫ የጠየቅሽው

ታቦር ስር፦
ሩዝ ውስጥ ክተቺው አንድ ሌሊት

ፍቅር ሐይቅ፦
ጠጋኝ ይቅርታ ግን ባትሪ ካበጠ ስልኩ ይጠፋል እኮ፣ እሷ ይሰራል እያለች ነው፣ ሥራ ለማግኘት አታስፈራራት

ጠጋኝ፦
ያበጠ ባትሪ መስራቱን ይቀጥላል፣ ክፋቱም እሱ ነው፣ ሰው ይሰራል ብሎ ኪሱ ይከተዋል። እኔ ጋ ካልመጣች የፈለገችው ጋ ትሂድ፣ ዛሬ ብቻ ትሂድ። ሩዝ ደግሞ ውሃ ለገባበት ነው የሚሉት፣ ለሱም አይረባም

ዓሳ ጠባሿ፦
ኧረ ይወዛወዛል። ባትሪው ባለፈው ጥቅምት ተቀይሮ ነበር ርካሽ አገኘሁ ብዬ። ሶኬቱ ምድጃው ጎን ስለሆነ ቻርጅ የማረገው እዛው ነው፣ ዘይት እንዳይነካው ወፍራም የላስቲክ ካቨር አልብሼዋለሁ፣ ቻርጅ ሳረገውም አላወልቅለትም፣ አዎ ይግላል። አሁንም ሰክቼዋለሁ 40 ፐርሰንት ደርሷል፣ ሲሞላ ላምጣው?

ጠጋኝ፦
አይሞላም አሁኑኑ ንቀዪው! ላስቲክ ካቨሩንም አውልቂ፣ ሙቀቱን አፍኖ የያዘው እሱ ነው፣ ምድጃው ደግሞ ጨመረበት። መምህር ስለ ልባስ ካነሱ አይቀር እዚህ ላይ ዋናው ልባስ የባትሪው ነው። የስልክ ባትሪ ስስ አሉሚኒየም ከረጢት ውስጥ ነው ያለው፣ እንደ ብስኩት መጠቅለያ ነው የሚመስለው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲበላሽ ጋዝ ይሆንና ከረጢቱን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ክዳንሽ መከፈቱ እዳው ገብስ ነው፣ ያ ከረጢት ከተቀደደ ግን እሳት ነው። አጣብቀሽ ከባድ ነገር ብትጭኚበት መሄጃ ታሳጪዋለሽ፣ ክዳኑን በቢላ ወይ በመርፌ ለማንሳትም እንዳትሞክሪ። መጀመሪያ የዓሳ አምጪዎቹን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጪ፣ ሲሙ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ፣ ከዛ አጥፊውና ሲሙን አውጪ። ስልኩን ከምድጃውና ከጋዙ አርቀሽ ሸክላ ወይ አሸዋ ላይ አስቀምጪው፣ አልጋ ላይም ኪስ ውስጥም አይሁን። ቴሌብር ከቁጥርሽ ጋር ነው እንጂ ከስልኩ ጋር አይደለም፣ ሲሙን ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ አስገቢና ኮከብ 127 መሰላል ብለሽ በፒንሽ መጠቀም ትችያለሽ፣ ሥራሽ አይቆምም። ባትሪው ከተቀየረ ክዳኑ ራሱ ይገጥማል፣ ምንም ቀፎ አትገዢም። አሮጌውን ባትሪ ቆሻሻ ላይ ወይ እሳት ውስጥ እንዳትጥይው፣ ለጠገነልሽ ሰው ተይለት

የአቶቴው፦
ሱፐር ግሉ ካስፈራሽ ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተርም አለ እህቴ

መምህር ጡረታ፦
ጠጋኝ እግዜር ይስጥልህ፣ ከረጢት ማለትህን ወድጄዋለሁ። ልጄ የአቶቴው ያለሽን ትተሽ ጠጋኝ ያለሽን አድርጊ

ኮባ፦
ዓሳ ጠባሿ የት ደረስሽ? ነቀልሽው?

ጠጋኝ፦
ስልኩን አጥፍታው ከሆነ መልስ አትሰጠንም፣ እንደዛ ይሁን። ነገ ጠዋት አሞራ ገደል የምትሄዱ ካላችሁ ዓሳ ከሚጠብሱት ጠይቁልኝ

የአቶቴው፦
ጠጋኝ፣ የኔን አሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ነካ አረኩት። ይወዛወዛል። እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነህ?