«ስካርሌት» መሠራት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን አንብበን የጨረስን ዕለት በተነጋገርነው መሠረት ባለፈው ቅዳሜና እሁድ የ«ስካርሌት»ን አራት ክፍሎች ተቀምጬ አየሁ። ላላያችሁት ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የቀረበ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ድራማ ነው። በአማርኛ ያነበብነው የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ («ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ») ካቆመበት፣ ሬት ሚስቱን ስካርሌትን ጥሏት ከሄደበት ተነሥቶ ይቀጥላል። መነሻው አሌክሳንድራ ሪፕሊ በ1991 ያሳተመችው ተከታይ መጽሐፍ ነው። ስካርሌትን ጆአን ዋሊ፣ ሬት በትለርን ቲሞቲ ዳልተን ሆነው ይጫወታሉ።

አቋሜን ሳልደብቅ ልናገር፤ መሠራት አልነበረበትም። የሚቸልን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበብሁት በሃያ ዓመቴ ነው። ያኔ ሬት ይመለሳል ብዬ ነበር፣ ለጓደኞቼም ምዬ ተገዝቼ። በመሃል አግብቼ ፈትቻለሁ። ዘንድሮ ደግሜ ሳነበው የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሼ «አይመለስም፣ ባይመለስም ይሻለዋል» አልሁ። ሚቸል ሁለቱንም እንዳስብ ፈቅዳልኛለች። ድራማው ግን መጣና «ታርቀዋል፣ ሴት ልጅም ወልደዋል» አለኝ። ለእኔ የተተወችውን አንዲት ነገር ነው የወሰደብኝ። እናንተስ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል፤ ግን አልስማማም። እኔ ድራማውን ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም። የድሮውን የ1939ኙን ፊልም እዚህ አሜሪካ እንደመጣች አብረን አየነው፣ እኔ እየተረጎምሁላት። ሬት ጥሏት ሲወጣ «ቀጥይው» አለችኝ። «አለቀ እማዬ» ስላት አላመነችኝም። ሪሞቱን ተቀብላ እስክትነካካው ድረስ። «ልጅ ቀብረው፣ ሽማግሌ ሳይገባ፣ እንዲህ ተለያይተው ይቀራሉ?» ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። የትንሿን የቦኒን ሞት ነው የምትለው።

ከሳምንታት በኋላ «ስካርሌት»ን ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በዲቪዲ አገኘሁላት። ስድስቱን ሰዓት ከሶፋው ሳትነሣ ጨረሰችው። ሲታረቁ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አለቀሰች። ድራማው ጉድለት የለበትም አልልም፤ ግን እናቴን ያሳረፈ ነገር መሠራት አልነበረበትም ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።

የሕግ ባለሙያው፦
ከስሜቱ በፊት ይህ ሥራ ለምን እንደተፈቀደ እንወቅ። ሚቸል በሕይወት ሳለች ተከታይ እንድትጽፍ ስትወተወት እምቢ ብላለች። በ1949 አትላንታ ውስጥ መኪና ገጭቷት ሞተች። መብቱ ለቤተሰቧ ተላለፈ። በ1936 የታተመው መጽሐፍ ተከታዩ ሲታሰብ በነበረው ሕግ 75 ዓመት ነበር ጥበቃው፤ 2011 ላይ ያበቃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ተነሥቶ የፈለገውን ተከታይ ሊጽፍ ይችላል። ወራሾቹ «ሌላ ሰው እንዳሻው ከሚያደርጋት እኛ የመረጥነው ይጻፋት» ብለው የቻርለስተን ተወላጇን ሪፕሊን መረጡ። ድራማው የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? በ1998 የአሜሪካ ምክር ቤት የጥበቃውን ዘመን በሃያ ዓመት አራዘመው። መጽሐፉ እስከ 2031 መጨረሻ ድረስ የተጠበቀ ሆነ። ያ ሁሉ ጥድፊያ የተደረገለት ቀን ገና አልደረሰም። የሟች እምቢታ በሕግ ፊት ክብደት የለውም፤ በእኔ ኅሊና ግን አለው። ደራሲዋ አልፈልግም ብላለች፣ በቃ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እንደዚያ ከሆነ መጽሐፉን ወደ ፊልም ማድረግም መከልከል ነበረበት ማለት ነው?

የሕግ ባለሙያው፦
አይደለም። የፊልም መብቱን ራሷ በሕይወቷ ሸጣለች። ልዩነቱ እሱ ነው። ወደ እኛም ብንመጣ ያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 50 ዓመት በወራሾቹ እጅ ይቆያል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲሠራ ብዙዎቻችን ስለ ተዋንያኑ ስንነታረክ ነው የሰነበትነው። የፈቃዱን ነገር ግን መጀመሪያ ልናነሣው ይገባ ነበር።

ፊልም ሠሪው፦
ባለሙያ ነኝና በሙያዬ ልናገር። ዳልተን ጥሩ ተዋናይ ነው፤ እዚህ ግን በ1939ኙ ፊልም ሬትን ከተጫወተው ከክላርክ ጌብል ጥላ ሥር ነው የቆመው። ጌብል ቅንድቡን ከፍ አድርጎ የሚጨርሰውን ዳልተን በቃላት ይለፋበታል። ዋሊም እንደዚሁ። ቪቪያን ሊ ስካርሌትን ስትጫወት ክፋቷንና ጉጉቷን ባንድ ፊት ላይ ታያላችሁ። የ94ቷ ስካርሌት ቶሎ ደግ ሆነችብኝ።

ትልቁ ጥፋት ግን የድርሰቱ ነው። የሪፕሊን መጽሐፍ ያነበበ ያውቃል። መጨረሻው ላይ አየርላንድ ውስጥ በባሊሃራ ርስቷ ሕዝብ ተነሥቶ እሳት ይለቃል፤ ስካርሌት፣ ሬትና ትንሿ ልጃቸው ካት ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ተደብቀው ያድራሉ። ድራማው ይህን ጥሎ ምን አመጣ? ሎርድ ፌንተን የሚባለው እንግሊዛዊ፣ ሾን ቢን የተጫወተው፣ ስካርሌትን ይደፍራታል። ከዚያ ሞቶ ይገኛል። ስካርሌት በነፍስ ግድያ ተከስሳ ለንደን ፍርድ ቤት ትቆማለች። የገደለችው አንዲት አገልጋይ ናት። ሬት ደርሶ ያድናታል። ይህ ሌላ ዓይነት ተረት ነው፤ የወንጀል ድራማ። በጦርነት መሃል ምጥ ላይ ያለች ሴት አዋልዳ፣ ከሚቃጠል ከተማ ወጥታ ጋሪ ነድታ ቤቷ የገባችን ሰው ወንድ እስኪመጣላት እስር ቤት አስቀመጧት። ይኼ ነው ያናደደኝ። ተከታይ መሠራቱን አልጠላሁም። ስካርሌትን ስካርሌት ያደረጋትን ነገር መንጠቃቸውን ነው የጠላሁት።

የአራት ኪሎዋ፦
የፍርድ ቤቱን ነገር እኔም ልጽፍ ብዬ ነበር። በተለይ ከምስክሮቹ በኋላ ዝም ብላ የምትቀመጥበት። ስካርሌት ዝም ትላለች?

መምህሩ ከደሴ፦
ሁላችሁም ስለ ሬትና ስለ ስካርሌት ተናገራችሁ። ስካርሌትን በባርነት ስላሳደገቻት ስለ ማሚ አንድ ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን ልቦለድ የምወደው እየተጣላሁት ነው። ባርነትን እንደ ደህና ዘመን የሚናፍቅ መጽሐፍ ነው። ማሚን የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በታኅሣሥ 1939 ፊልሙ አትላንታ ላይ ሲመረቅ በዘር መድልዎ ሕጉ ምክንያት አልተገኘችም። በየካቲት 1940 ኦስካር ስትሸለም፣ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆና ሳለ፣ ከባልደረቦቿ ተነጥላ በሌላ ጠረጴዛ ነበር የተቀመጠችው።

እንግዲህ ከ55 ዓመት በኋላ ተከታይ ሲሠራ ምን መጠበቅ ነበረብን? ማሚ ነፃ ከወጣች በኋላ ምን ሆነች? የራሷ ስም ማን ነበር? የራሷ ልጅ ነበራት? በ1994 ይህን መጠየቅ ይቻል ነበር። ድራማው ምን አደረገ? ማሚን ገና በመግቢያው አልጋ ላይ አስተኝቶ ገደላት፤ ስካርሌትንም መርከብ ላይ ጭኖ ጥያቄው ወደማይነሣበት ወደ አየርላንድ ወሰዳት። እዚያ ደግሞ የተጨቆኑ ገበሬዎች ወገን ትሆናለች። ጆርጂያ ላይ ሰው በንብረትነት የያዘ ቤተሰብ ልጅ፣ ባሊሃራ ላይ የጭሰኛ ጠበቃ። ደሴ ክፍል ውስጥ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ጭሰኛ የሚለው ቃል ራሱ ጆሯቸውን ያቆመዋል፤ አያቶቻቸው የኖሩበት ነውና። አንዷ ተማሪዬ «ታዲያ አሜሪካ ያሉትን ይቅርታ ሳትጠይቅ ነው የሄደችው?» አለችኝ። ለሷ የምመልስላት አጥቼ ደወል ተደወለ።

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ መሠራትስ ነበረበት። የተሠራው ግን መሠራት የነበረበት አይደለም።

የሕግ ባለሙያው፦
መምህር፣ የጠየቁትን የጻፈች ሰው አለች እኮ። አሊስ ራንዳል የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ በ2001 ታሪኩን ከማሚ ልጅ አንጻር ጻፈችው። ልጅቷ የስካርሌት አባት ከማሚ የወለዳት፣ የስካርሌት እኅት ናት። ወራሾቹ ከሰሷት። የሥር ፍርድ ቤቱ መጽሐፉ እንዳይታተም አገደ፤ እዚያው አትላንታ የሚያስችለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እግዱን አነሣ። በመጨረሻ አሳታሚው ጥቁሮች ለሚማሩበት ለሞርሃውስ ኮሌጅ ገንዘብ እንዲለግስ ተስማምተው በዕርቅ ዘጉት።

ፈቃድ የሚለውን ክርክሬን ይህ ጉዳይ ራሱ ያናጋብኛል፤ እውነቱን ልናገር። እርቅና ሠርግ ያለውን ተከታይ የፈቀዱት ወራሾች የማሚን ልጅ ድምፅ ሊዘጉ ፍርድ ቤት ሄደዋል።

መምህሩ ከደሴ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ለተማሪዬ መልስ አገኘሁላት።

ጋሼ፦
ልጆቼ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈውና ታገሡኝ። የነቢይ መኮንን ነገር ሳይነሣ ክርክሩ እንዳያልፍ ብዬ ነው።

ነቢይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚቸልን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው። ወረቀት አልነበረም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ወረቀት እያወጣ፣ እሷኑ እያቃና፣ በደቂቅ ፊደል ይጽፍባት ነበር። ወደ 3000 የሚሆን ቁራጭ ሞላ። የተጻፈው ተመልሶ ባዶ ፓኮ ውስጥ እየገባ በሚፈቱ እስረኞች እጅ ከግቢ ወጣ። እሱ ሲፈታ ከየሰዉ ቤት ለቃቅሞ አሳተመው። አንዲት የፓኮ ወረቀት አውጥታችሁ እጃችሁ ላይ ዘርጓት እስቲ። ስንት መስመር ትይዛለች? አንድ ጠብ፣ አንድ ሰላምታ፣ አለቀች። በዚያች መጠን ነው ያ ሁሉ ገጽ የተሻገረው።

ርዕሱንም ተመልከቱ። የእንግሊዝኛው «ከነፋስ ጋር ሄደ» ነው፤ ያለፈውን የሚያይ። የአማርኛው የስካርሌት የመጨረሻ ቃል ሆነ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። ሚቸልም ራሷ ለመጽሐፏ መጀመሪያ ካሰበቻቸው ርዕሶች አንዱ ያው ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ያቺን ቃል የሰማ ሰው ሬት ይመለሳል ወይ ብሎ ብቻ አይመስለኝም ያሰበው። የራሱን ነገ ነው ያሰበባት። ለዚያ ነው እኔ ከአራት ኪሎዋ ልጄ ጋር የምቆመው። ያቺ ነገ ለማንም ሰው እንድትበቃ ሆና የተተወች ናት። ድራማው ግን መጣና የባልና ሚስት ቀጠሮ አደረጋት።

የእኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»ማ ለተከታይ በር የለውም። በዛብህም ሰብለም ጉዱ ካሣም አልፈዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበው ጊዜ መንደሩ ሁሉ አልቅሶ ቀብሯቸዋል። ሐዲስ ጨርሶ ነው የሰጠን። ሚቸል ደግሞ ሳትጨርስ ሰጠች። ሁለቱም አውቀው ነው ያደረጉት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጋሼ፣ ያከበርሁዎት እንደሆነ ይወቁልኝ፤ ግን አንድ ነገር ልመልስ። እስረኛ ስለ ነገ ሲያስብ «ክፍት ሆኖ ይቆይልኝ» ብሎ ያስባል? «እፈታለሁ ወይ? ቤቴ ይጠብቀኛል ወይ?» ነው የሚለው። መልስ ይፈልጋል። እናቴም የፈለገችው እሱን ነው። አባቴ ከቤት ሲወጣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እመለሳለሁ ብሎ ነው የወጣው። እማዬ በሩን ሳትቀረቅር ስንት ዓመት እንደኖረች እኔ አውቃለሁ። ላንዳንድ ሰው ክፍት በር ማለት ዕረፍት ማጣት ነው። ድራማው ላይ ዳልተን ሲመለስ ያለቀሰችው ለአሜሪካኖቹ አይመስለኝም።

ጋሼ፦
ልጄ፣ ይህን አላሰብሁም። እናትሽን ሰላም በይልኝ። በሐሳቤ እንዳለሁ ነኝ፤ የእናትሽን እንባ ግን አልከራከርም።

ፊልም ሠሪው፦
እኔ ግን አሁንም ይቺን ሴት ፍርድ ቤት ማስቀመጣቸውን ይቅር አልልም። እናታችን የምትወደውን ዕርቅ በግንቡ ውስጥም ማምጣት ይቻል ነበር፤ መጽሐፉ ላይ አለ። እሳቱ ከታች፣ ሦስቱ ከላይ፣ ልጅቷ መሃላቸው ተኝታ። ከዚህ የተሻለ የመጨረሻ ትዕይንት ምን ይፈለጋል? ካሜራውን የት እንደማቆም ሳይቀር አስቤዋለሁ።

የአራት ኪሎዋ፦
እኔም ከአቋሜ አልተነሣሁም። ድራማውን ሁለተኛ አላየውም። «መሠራት አልነበረበትም» ያልሁትን ግን የእናትሽን ነገር ካነበብሁ በኋላ ደፍሬ አልደግመውም። «ለእኔ አልተሠራም» ልበል። ለመሆኑ እማዬ የነቢይን ትርጉም አንብባው ታውቃለች?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አላነበበችም። ፊልሙን እንጂ መጽሐፉን አታውቀውም። ዓይኗም ደክሟል፤ እኔ ማታ ማታ ላነብላት እፈልግ ነበር፣ እዚህ ፈልጌ አጣሁት። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ ይመጣል።

የአራት ኪሎዋ፦
የእኔን ልላክላት፤ ይደውልልኝና ወስዶ ይምጣ። አሮጌ ነው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያዘ። የመጨረሻው ቅጠል ተቀዶ ጠፍቶ ስለነበር ከጓደኛዬ መጽሐፍ በእጄ ገልብጬ አጣብቄበታለሁ። ፊደሌ ደቃቅ ነው፤ ግን ይነበባል።