እህቴን አዲስ አበባ አምጥቼ ላስወልዳት ወይስ እዚያው ትውለድ?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው። እህቴ ከወልቂጤ ወጣ ያለ ገጠር ነው የምትኖረው። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እኔ አራት ኪሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት፤ ቢሆንም እዚህ ላመጣት አስቤያለሁ። አማቷ ደግሞ «የመጀመሪያውን እቤቷ ወልዳ የለ፣ ምን ያንከራትታታል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ወልዳለች። ብቻ ያኔ ብዙ ደም ፈሷት ራሷን ስታ ነበር። አሁን ለደም ማነስ የሰጧትን ኪኒንም ያቅለሸልሸኛል ብላ ትታዋለች። ምን ይሻለኛል?

ቡና በጠዋት፦
እኔ የወንድሜን ሚስት በዘጠነኛ ወሯ አምጥቻት ነበር። የክትትል ካርዷን አልያዘችም። ምርመራው ሁሉ እንደ አዲስ ተጀመረ። ስንመላለስ ምጧ መጣ፣ ያውም በዝናብ፣ ታክሲ በሌለበት ሰዓት። ካመጣሻት በጊዜ፣ ካርዷን አስይዘሽ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦
ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዋናውን ነገር መሃል ላይ ጣል አድርገሽው አለፍሽ፤ ደሙን። አንዴ ከወሊድ በኋላ ብዙ የፈሳት ሴት ድጋሚ ሊፈሳት ይችላል። ወልቂጤም ሆነ አዲስ አበባ፣ ቤት ብቻ አይሁን። ከባድ ደም መፍሰስ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቃሬዛ ተፈልጎ፣ ተሸካሚ ተጠርቶ 2 ሰዓት ምን አላት? ጤና ተቋም ከሆነች ልጁ በወጣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ጭኗ ላይ ኦክሲቶሲን ይወጓታል፤ ማህፀኗ እንዲኮማተር ነው። መድኃኒቱ ፍሪጅ ይፈልጋል። ጓዳ ውስጥ አይገኝም።

አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ትሂድና ያለፈውን ትንገራቸው። ደም መስጠት ወደሚችል ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉላት። ብዙ ቦታ የእናቶች ማቆያ አለ፤ ቀኗ ሲቃረብ ገብታ እዚያው ትጠብቃለች። ቆጮዋን ቤተሰብ ያቀብላታል። የት እንዳለ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታውቃለች። አዲስ አበባ ማምጣትሽም ክፋት የለውም፤ ግን ሐኪም አይቷት መንገዱን ከፈቀደላት፣ ቶሎ።

ኪኒኑን ማታ ከራት በኋላ ትዋጠው፣ በውኃ። ቡናና ሻይ ከሱ ጋር አይሁን፤ ሰውነቷ ኪኒኑ ውስጥ ያለውን አይረን (ብረት) በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ ደም፣ ወይ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካየች ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። በዚያው ሰዓት ትሂድ።

የአራት ኪሎዋ፦
ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት አማቷ ናቸው። የደሙን ነገር ሳነሳባቸው ዝም አሉ። ቆይተው «ያን ሌሊት ነጠላዬን ቀድጄ የጠራረግሁላት እኔ ነኝ» አሉኝ። ነገ አብረዋት ይሄዳሉ። ኪኒኑም ከሞሰብ ሥር ተገኝቷል። ጊዜው አልፎ ይሆን እንዴ?

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦
ጀርባው ላይ ተጽፏል። ካለፈ ትጣለው፣ ነገ ሌላ ይሰጧታል። ማርያም በሽልም ታውጣት።