በዓሣ ገንዳ መስታወት ላይ የተጋገረ የኖራ እድፍ እንዴት ይለቃል?

ጥያቄ፦ ከደጀን

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ሆቴል ዕቃውን ሲሸጥ የገዛሁት፣ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከጉድጓድ በሚሳብ ውኃ እየሞላሁ ስድስት ወርቃማ ዓሦች አኑሬበታለሁ። ውኃው ለመጠጥ የሚጣፍጥ ቢሆንም ሳሙና ቶሎ አይቀበልም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችንም ውስጡ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት በሚሰባበር ነጭ ነገር ተለብጧል። ይኸው ነገር አሁን በገንዳው ላይ፣ ውኃው በሚደርስበት ልክ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ መቀነት ሠርቷል። ከክዳኑ ሥር የሚንጠባጠበውም እየደረቀ የፊቱን መስታወት ስላደበዘዘው እንግዳ ሲመጣ ዓሦቹን ለማሳየት ከላይ ማጎንበስ ግድ ሆኗል።

በዱቄት ሳሙናና በድስት መፈተጊያ ሽቦ ብፈትገው እድፉ ሳይነሣ መስታወቱ ላይ ጭረት ቀረ። አንድ የጋራዥ ባለሙያ የባትሪ አሲድ እንድቀባበት፣ ጎረቤቴ ደግሞ በረኪና እንዳፈስበት መክረውኛል። ሁለቱንም ፈርቼ ትቻቸዋለሁ። ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ መፍራትዎ በጀ። ይህ እድፍ በጉልበት ሳይሆን በኮምጣጣ ነገር ነው የሚለቀው። በቅድሚያ ምንነቱን ይለዩ፤ በነጩ መቀነት ላይ ጥቂት ጠብታ ነጭ አቼቶ ያሳርፉና ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ጥቃቅን አረፋ እያወጣ ከተንጫጫ ኖራ ነውና ሥራው ቀላል ነው።

ዓሦቹን በራሳቸው ውኃ ወደ ንጹሕ ሳፋ ያዛውሩ፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ እዚያው ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ከደረቀ ውኃውን የሚያጠሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ገንዳዎ እስከ አፉ ሲሞላ 162 ሊትር፣ ማለትም 162 ኪሎ ግራም ውኃ ስለሚይዝ ጥቂትም ቢቀርበት ለማንሣት አይሞክሩ። ባዶ ሲሆን ለሁለት ሆናችሁ በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ፣ የቆሸሸው መስታወት ከታች እንዲሆን አድርጋችሁ አጋድሙት። ከዚያ በአቼቶ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ በእድፉ ላይ ከውስጥ በኩል አንጥፈው፣ እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፍነው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀብቶ ወዲያው ይፈትግና አቼቶ አይሠራም ይላል። ለስልሶ ሲነሣ በስፖንጅ ይጥረጉት፤ ወፍራም ሆኖ ከቀረ ጨርቁን እንደገና አርሰው ይድገሙት። በመጨረሻ ሽታው እስኪጠፋ ሦስት አራት ጊዜ ያለቅልቁት። ሥራውን ለማፋጠን ብለው የፈላ ውኃ አያፍሱበት፤ ቀዝቃዛ መስታወት በድንገት ከሞቀ ይሰነጠቃል።

መልስ 2፦ ከደብረ ማርቆስ

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። ውኃ በተነነ ቁጥር የሚሄደው ውኃው ብቻ ሲሆን በውስጡ የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም ግን ይቀራል። ለምሳሌ በሊትር 200 ሚሊ ግራም የሚይዝ ውኃ በሳምንት 5 ሊትር ቢተንንና በዚያው ውኃ ቢተካ፣ በየሳምንቱ 1 ግራም፣ በዓመት 52 ግራም ገንዳው ውስጥ ይከማቻል። 5 በመቶ አሲድ ያለው 1 ሊትር አቼቶ ደግሞ በስሌት 40 ግራም ገደማ ኖራ ማሟሟት ስለሚችል አንድ ጠርሙስ ይበቃዎታል።

የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቆዳና ዓይን ማቃጠሉ ሳያንስ ኖራውን ወደ ጂፕሰም ይለውጠዋል፤ ጂፕሰም በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ አንዱን ቅርፊት በሌላ ቅርፊት መተካት ይሆናል። በረኪና ኖራን አያሟሟም፤ ይልቁንም ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተገናኘ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ በዚያ ቀን በረኪናው ከተቀመጠበት ባይነሣ ይሻላል። አቼቶ ነክቶት ምንም አረፋ የማያወጣ እድፍ ካለ ጂፕሰም ወይም ሲሊካ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሚነሣው በመፋቅ ነው።

መልስ 3፦ ከፍኖተ ሰላም

ስለ መፋቅ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ምላጭ በእርጥብ መስታወት ላይ ተጋድሞ ሲገፋ አይጭርም፤ የሚጭረው በምላጩና በመስታወቱ መካከል የገባች የአሸዋ ቅንጣት ናትና በየጊዜው ያለቅልቁት። መስታወቶቹን ወደሚያጣብቀው ሲሊኮን ግን አያስጠጉት፤ እኔ ማዕዘኑን ነክቼ ሌሊቱን ሙሉ ወለል ስጠርግ አድሬአለሁ። ገንዳው መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ከሆነ ግን በምላጭ ጨርሶ አይንኩት። ለወደፊቱ ደግሞ ክረምት ስለሆነ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ አጠራቅመው በተነነው ልክ ይጨምሩበት፤ ዝናብ ኖራ የለበትም።

ጠያቂው፦ ከደጀን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠብታው እንደተባለው ተንጫጫ። ትናንት ጨርቁን ሁለት ጊዜ አንጥፌ የፊቱ መስታወት ጠራ፤ በስተግራ ጥግ የቀረውን ስስ መስመር በምላጭ አነሣሁት። ሽቦው የተወው ጭረት ብቻ ነው ያለው። የሚቀረኝ የዝናቡ ነገር ነው፤ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ችግር ይኖረዋል? ጥቅምት ከገባ በኋላስ ምን አደርጋለሁ?

መልስ 2፦ ከደብረ ማርቆስ

ጭረቱ በአቼቶ አይጠፋም፤ ዓሦቹ ግን አይጨነቁበትም። የቆርቆሮ ክዳን ዚንክ ስለሚለቅ፣ ዚንክም ለዓሣ መርዝ ስለሆነ፣ ከጣሪያ ከሚወርደው ይልቅ በግቢ መካከል በተቀመጠ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ በቀጥታ የተጠራቀመውን ይጠቀሙ። በተነነው ልክ ብቻ ይጨምሩ፤ ከፊሉን ውኃ በሚቀይሩበት ጊዜ ግን የለመዱትን የጉድጓድ ውኃ ይስጧቸው፤ ወርቃማ ዓሣ ጠንካራ ውኃ (ኖራ የበዛበትን) አይጠላም፣ የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው። በበጋ ውኃውን አፍልተው፣ በተከደነ ዕቃ አሳድረው፣ ዝቃጩ ሳይነካ ከላይ ያለውን ይቅዱ፤ ማንቆርቆሪያዎ ላይ የተጋገረው ነገር ሲፈላ የሚወርደው ኖራ ነውና በዚሁ መንገድ ብዙውን ያስቀራሉ። ቀዝቅዞ በባልዲ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተገላበጠ በኋላ ይጨምሩት፤ ሲፈላ አየሩን ያጣልና።